ሁለት የጎደሉ ጠጠሮች

አባቴ ወደ ማዶ ለመሻገር ባስገባው ቅል ውስጥ ከዕድሜዬ ሁለት ዓመት አጎደለ። አልዋሸም፤ ተሳሳተ። መሳሳቱን ያወቀ ዕለት ራሱ ሄዶ ተናገረ። የሆነው ይኸው ነው። የሚቀረው እንዴት እንደሆነ መናገር ነው።

ያ አገር በገደል ለሁለት የተከፈለ ነበር። በወዲህኛው በኩል ያለነው ዝናብ የሚያልፈን ነን፤ በማዶ ያሉት ዝናብ የሚደርሳቸው። ገደሉ ሰፊ አይደለም። ማዶ ሰው ሲያስነጥስ እንሰማ ነበር። ሆኖም ማዶ ሌላ መንግሥት ነው፤ መሻገሪያውም አንድ የገመድ ድልድይ ብቻ ነው። ድልድዩ ክረምት ሲገባ ይፈታል፤ መስኩ ሲደርቅ ተመልሶ ይታሰራል።

ለሠራተኛ ሕጉ ቀላል ነበር። ሠራተኛ ዕድሜው አይጠየቅም፤ እጁ ይታያል። መዳፉ የሻከረ ያልፋል፤ ከአንድ ቤት ግን አንድ ሠራተኛ ብቻ ነው የሚያልፈው። እናቴ የሻረግ ከሁላችንም ቀድማ የተሻገረችው በዚህ መንገድ ነው። ታላቅ ወንድሜ በሞተ ማግስት ቤታችን ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም። ሄዳ እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው፤ አገላብጠው አዩና አሳለፏት። ማዶ የሰው ማሳ ታርም ጀመር። ስለ እነዚያ ዓመታት ብዙ መናገር አልወድም። አባቴ ወጥ መሥራት ተማረ። መጥፎ ወጥ ነበር። እኔና እህቴ አንጓች በላነው።

ቤተሰብን መጥራት ግን እንደ ሠራተኛ ማለፍ ቀላል አልነበረም። ማዶ ሦስት በጋ የሠራ ሰው ባሉን፣ ሚስቱን ወይም ልጆቹን መጥራት ይችላል። ጥሪው ሲፈቀድ አባወራው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቅል ያደርቃል፤ በዕድሜው ልክ ጠጠር ይከትበታል፤ አፉን በሰም ደፍኖ ያስገባል። ቅሎቹ በድልድዩ አፍ ባለው አዳራሽ ጣሪያ ላይ ይንጠለጠላሉ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የአገሩ ሰው ሁሉ ዕድሜ ከላይ ይንኳኳል። ነገሩ ለምን በቅል እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላውቅም። የጠየቀ ካለም ቅሉ ገና አልተሰማም።

ቅሉን የሚሰማው ሹም ቅል ሰሚ ይባላል። ቅሉን ከጆሮው አስጠግቶ ይነቀንቃል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ ቁጥር ይናገራል። የተናገረው ቁጥር ዕድሜህ ነው። ቅል መክፈት ለእሱም ቢሆን ክልክል ነው። አንደኛው ጆሮው አይሰማም ተብሎ ይወራ ነበር። በየትኛው እንደሚያዳምጥ ለማጣራት የደፈረ ግን አልነበረም።

ልጅ ተብሎ ከወላጁ ጋር የሚሻገረው ከአሥራ ስምንት ጠጠር ያላለፈ ነው። ያለፈው በራሱ ጥሪ ይምጣ ይላል ሕጉ። ማን እንደሚጠራው ሕጉ አይናገርም።

አባቴ በእኔ ቅል ውስጥ አሥራ ሰባት ጠጠር ከተተ።

በመንደራችን የሐዘን ዓመት አይቆጠርም። ከአንድ ቤት ሰው ሲሞት ያ ዓመት የሟቹ ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በዚያ ዓመት ዕድሜ አይጨምርም። ይህን ቁጭ ብሎ የሚያስተምር የለም፤ ሁሉም እንዲሁ ያውቀዋል። አንድ ጎረምሳ እናቱ በሞተችበት ዓመት «እኔ እኮ ዘንድሮ ሃያ ሞላኝ» ቢል ሽማግሌዎች ፊታቸውን ያዞሩበታል። ከእኔ ዕድሜ አያቴ የሞተበት ዓመትና ወንድሜ የሞተበት ዓመት አልተቆጠሩም። አባቴ ቅሌን ሲሞላ እነዚያን ሁለት ዓመታት ሊደብቃቸው አልሞከረም። ትዝም አላሉት።

ቅሎቻችን ተሰሙ። «አሥራ ሰባት» አለ ቅል ሰሚው በእኔ ላይ። «ዘጠኝ» አለ በአንጓች ላይ። ተራችን እስኪደርስ ወደ መጠበቂያው ወረድን። መጠበቂያው የሸምበቆ ጎጆዎች የተደረደሩበት ሜዳ ነው። ከጎናችን አያ ድፋባቸው የሚባል የቆላ ሰው ከልጆቹ ጋር ነበረ። ከአባቴ ጋር ወዲያው ተግባቡ፤ ሁለቱም ወጥ የሚያሳርሩ አባቶች ነበሩ።

አንድ ቀን ጠዋት እንጨት ስንፈልጥ አያ ድፋባቸው እኔን አየት አደረገና አባቴን ጠየቀው።

«አያ ጓንጉል፣ ይርዳው መቼ ነው የተወለደው?»

«አንበጣው የመጣ ዓመት። ሰማዩ እንደጠቆረ ነው እናቱ የተገላገለችው።»

«እንዴ! የኔም ትልቁ ልጅ የአንበጣው እኮ ነው። ጠጠሩ አሥራ ዘጠኝ ሆኖ ቀረብኝ፤ ታናናሾቹን ብቻ ይዤ ልሻገር ነው። ያንተ እንዴት አሥራ ሰባት ሆነ?»

«ሁለቱ የሐዘን ነበሩ» አለ አባቴ።

«የምን ሐዘን?»

«አባቴና የበኩር ልጄ የሞቱበት።»

«ነፍሳቸውን ይማር። ታዲያ ይሄ ልጅ በእነዚያ ዓመታት አልበላም? አላደገም?»

አባቴ መጥረቢያውን አስቀመጠና ወደ እኔ ቀና አለ። ያን ጊዜ በቁመት ከበለጥኩት ቆይቻለሁ። ከእግሬ እስከ ራሴ፣ እንደ አዲስ ሰው አየኝ።

«አድጓል» አለ ዝግ ብሎ።

አያ ድፋባቸው ደነገጠ። ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ቀነሰ። «በል ተወው። እኔም አልጠየቅሁ፣ አንተም አልመለስክ። ሁለት ጠጠር ምን አላት? ያ ሰውዬ እንደሆነ በደንብ አይሰማ!»

ነገሩ ግን በዚያ የሚያልቅ አልነበረም። በድልድዩ አፍ ላይ አባወራው ቅሎቹን በእጁ ይዞ ይምላል። «ያስገባሁት የማውቀውን ነው» ይላል። ውሸት ሆኖ ከተገኘ ቤተሰቡ በሙሉ ይመለሳል፤ የጠራው ሰውም አብሮ ይመለሳል። ከዚያ ቤት ዳግመኛ ማንም አይሻገርም።

«አባዬ፣ ዝም በል» አልኩት።

«ዝም ብዬ ነበርኮ። ሳላውቅ።»

«አሁንም ዝም በል።»

«አሁንማ አውቄያለሁ። ምን ብዬ ልማል?»

«በውሸት እንደማልክ ማን ያውቅብሃል?»

«ማዶ ከእኔ ሌላ የአንበጣውን ዓመት የሚያውቅ ሰው የለም ወይ? ነገ ከአንዱ አፍ ቢያመልጥ እናትህን በክንዷ ይዘው ነው የሚያመጧት። ሦስት በጋ የሰው አረም የነቀለችው ለዚህ ነው?»

አንጓች ከእንጨቱ ክምር ላይ ሆና ስታዳምጥ ቆይታ፣ «ይርዳው አረጀ ማለት ነው?» አለች።

«አዎ» አልኳት።

«ዛሬ ጠዋት?»

አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ አዳራሹ ሄደ። እኔና አንጓች ተከተልነው።

ቅል ሰሚው ሲሰማን ቆየና ፊቱ ጠቆረ። «አሥራ ሰባት ብያለሁ። አሥራ ዘጠኝ ነው ካልክ ጆሮዬን እየሰደብክ ነው።»

«ጆሮዎ ልክ ነው ጌታዬ። በቅሉ ውስጥ ያለው አሥራ ሰባት ነው። ስከት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ቅሉ ውሸታም ነው። የውሸት ሹም ዘንድ ውሰደው፤ በድንጋይ ይሰብሩልሃል።»

«ውሸት አይደለም፤ ስህተት ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው? ሲነቀነቅ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የሚጮኸው።»

አባቴ ልዩነቱን ሊያስረዳው ሞከረ። አንድ ሰው ሲዋሽ እውነቱን ያውቃል አለው፤ ሲሳሳት አያውቅም። ቅል ሰሚው እጁን አወናጨፈ። እውቀት በጆሮ አይሰማም አለ። በመጨረሻ ሊገላገለን ብሎ ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለ ሣር ወደዋጠው መንገድ ጠቆመን። «እዚያ የስህተት ሹም አለ። በሕይወት ካለ።»

በመንገዱ ጫፍ ላይ ሁለት ደጆች ጎን ለጎን ነበሩ። በአንዱ ደጅ ረጅም ሰልፍ አለ፤ ሰዎቹ ቅላቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አቀርቅረዋል። የውሸት ሹም ደጅ ያ ነው። በሌላው ደጅ ማንም የለም። ገባን። አንድ ወፍራም ሽማግሌ ብቻውን ገበጣ ይጫወታል፤ ቀኝ እጁ ከግራ እጁ ጋር። ስንገባ ግራው አሸንፎ ስለነበር ተናዷል።

«ምን ፈልገው ነው?» አለ ቀና ሳይል።

«ስህተት ይዤ መጥቼ ነው።»

ሽማግሌው ጠጠሮቹን ለቀቃቸው። «የማን ስህተት? የእኛ ነው ካሉኝ አልቀበልም። የእኛ ስህተት የለም።»

«የእኔ ነው።»

«የእርስዎ ነው?» ተነሣና ለአባቴ በርጩማውን ሰጠው፤ እሱ ቆመ። «ይቀመጡ እንጂ! ይቀመጡ! ይህን ሹመት ስቀበል ጠጉሬ ጥቁር ነበር። እስከ ዛሬ አንድ ስህተት አልደረሰኝም። ስህተት ሁሉ ወደ እኔ ሲመጣ መንገድ ላይ ይፈራና ይመለሳል። ኋላ ሲያዝ ውሸት ሆኖ ይገኛል።» በአውራ ጣቱ ወደ ጎረቤቱ ግድግዳ ጠቆመ። «እሱ ሰውዬ ምሳ ለመብላት እንኳ ጊዜ የለው።»

አባቴ ሁሉንም ነገረው። ስለ አንበጣው፣ ስለ አያቴ፣ ስለ ወንድሜ፣ በመንደራችን የሐዘን ዓመት እንደማይቆጠር። ሹሙ እየደጋገመ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚያ ሕጉን በቃሉ ሊያሰማን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስህተት ማለት» አለ፣ «ከቤቱ ሰው ማንም ቢሆን፣ ሳይመከር፣ ሲጠየቅ እንደዚያው የሚሳሳተው ነው። መክራችሁ ከሆነ ውሸት ነው፤ ጎረቤት ሂዱ።» ወደ እኔ አየ። «አንተ አትሆንም። አንተ በዚህ ነገር ትጠቀማለህ።» ዓይኑ አንጓች ላይ አረፈ። የገበጣውን ጠጠሮች በጣቷ እየነካካች ነበር። «ነይ እስቲ፣ እመቤት። ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ዘጠኝ።»

«መቼ ተወለድሽ?»

«ወንዙ በሬዎቹን የወሰደ ክረምት።»

ሹሙ በጣቶቹ ቆጠረ። «እሱማ አሥር ዓመቱ ነው።»

«ዘጠኝ ነው።»

«አሥር ነው እንጂ።»

«ኧረ ዘጠኝ ነው! አንዱን ወንድማችን ይዞት ሄዷል።»

«የት ሄደ?»

«ሞቷል።»

«ታዲያ የሞተ ሰው ዓመት ምን ያደርግለታል?»

አንጓች ሰውየው እንዳልገባው አየች። እጇን ከገበጣው ላይ አነሣችና ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ ነገረችው። «እሱ ከዚያ በኋላ ሌላ አያገኝማ። እኛ ሌላ እናገኛለን። አንድ ብንሰጠው ምን እንሆናለን?»

አባቴ የጎጆውን ምሰሶ ያይ ጀመር።

«ምንም አትሆኑም» አለ ሹሙ በመጨረሻ።

«እርስዎስ ስንት ዓመትዎ ነው?» አለችው።

«አንጓች!» አለ አባቴ።

«ይተዋት። እኔ እንጃ፣ ልጄ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ መቁጠሩን ትቼዋለሁ።»

«እንግዲያው እርስዎም እንደኛ ነዎት» አለችና ወደ ጠጠሮቹ ተመለሰች።

ሹሙ ወደ ደጁ ወጣ። የጎረቤቱ ሰልፍ እንዲሰማ አድርጎ «ስህተት ነው!» ብሎ ጮኸ። ቅል ሰሚው ተጠርቶ ቅሎቻችንን አወረደ። በዚያ አዳራሽ ቅል ሳይሰበር ሲከፈት የታየው ያን ቀን ነው ይላሉ። ሰሙ በእሳት ለሰለሰ። ሹሙ ከገበጣው ላይ በአባቴና በእኔ ቅል ሁለት ሁለት፣ በአንጓች ቅል አንድ ጠጠር ጨመረ። አንጓች የራሷን ጠጠር ራሷ መረጠች። ቅል ሰሚው ዓይኑን ጨፍኖ ነቀነቀና «አሥራ ዘጠኝ» አለ። «ጆሮዬ ድሮም አልተሳሳተም» ሲልም ጨመረ።

«ጌታዬ» አለ አባቴ፣ «አሁን ልጄ ይሻገራል?»

የስህተት ሹሙ ደስታ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «አይሻገርም፣ አያ ጓንጉል። እኔ ስህተትን አርማለሁ፤ ሕግን አላርምም። ሕግ ተሳስቶ እዚህ መጥቶ አያውቅም።» ቀጠለና፣ «ግን ውሸታም አይደላችሁም። ሚስትዎ አትመለስም። እርስዎና ልጅቷ ትሻገራላችሁ። ታዲያ ድልድዩ ሳይፈታ ነው። ያልተሻገሩበት ጥሪ ከድልድዩ ጋር ይፈታል» አለ።

ሰማዩ በማዶ በኩል መጥቆር ጀምሯል።

አባቴ እናቴን ሳያማክር መወሰን አልፈለገም። በሳምንት አንድ ቀን በገደሉ አፋፍ ላይ የጩኸት ቀን አለ። ከወዲህ አንድ ቤት አንድ ቃል ይጮኻል፤ ከማዶ አንድ መልስ ይመለሳል፤ ከዚያ የሌላ ቤት ተራ ነው። ዱላ የያዘ ጠባቂ ቆሞ ይሰማል። ማልቀስ ክልክል ነው፤ በልቅሶ ውስጥ ምን መልእክት እንደተላከ ጠባቂው ሊያውቅ አይችልምና።

አባቴ ምን ብሎ እንደሚጮኽ ሲያስብ ሰነበተ። ቀኑ ሲደርስ አፋፉ ላይ ቆመ፤ እጆቹን በአፉ ዙሪያ ሰበሰበ።

«የሻረግ! ይርዳው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው!»

ከማዶ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«አውቃለሁ! የወለድኩት እኔ አይደለሁም?»

አፋፉ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጠባቂውም ሳቀ፤ ስቆ ሲያበቃ በዱላው ወደ ቀጣዩ ቤት ጠቆመ። አባቴ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ማዶ ስትኖር የማዶን አቆጣጠር ለምዳዋለች። በቅሌ ውስጥ ምን እንደተከተተ ግን የነገራት አልነበረም።

«ምን ነካህ?» አለው አያ ድፋባቸው። «ምን ላድርግ ብለህ አትጠይቃትም ነበር?»

«መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳት ብዬ ነዋ።»

የሚቀጥለው የጩኸት ቀን ሳይደርስ ድልድዩ እንደሚፈታ ተነገረ። አባቴ ጫማውን ይጠግናል፤ የጠገነውን ፈትቶ እንደገና ይጠግናል። አንድ ከሰዓት ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ።

«አስቤበታለሁ» አለ። «እኔ እቀራለሁ። አንተ አንጓችን ይዘህ ተሻገር። እናትህን ታግዛታለህ፤ ጉልበት አለህ።»

«አባዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ነኝ።»

ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ረሳሁት።»

እውነቱን ነው፤ ረስቶት ነበር። እዚያ ሁሉ ሹም ፊት ቆሞ አሥራ ዘጠኝ ነው እያለ ተከራክሯል። ለእሱ ግን አሁንም አሥራ ሰባት ነበርኩ።

«አንጓችን ይዘህ ሂድ» አልኩት። «ካልሄድክ ሦስታችንም እንቀራለን።»

«ከሄድኩስ?»

«አንድ ሰው ነው የሚቀረው።»

«አንድ ቀላል ነው ያለህ ማን ነው?»

«ወጥህን ከመብላት እገላገላለሁ።»

አየኝ። ከዚያ ሳቅ አመለጠው፤ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። የትከሻው መንቀጥቀጥ ከሳቁ በኋላም ቆየ። እኔ ወደ ጎጆዎቹ በኩል አየሁ።

የተሻገሩት በማግስቱ ጠዋት ነው። አባቴ ሁለቱን ቅሎች ይዞ ማለ። ማዶዎች ያልተመረመረ ሰው ፊት ማየት አይወዱም፤ ስለዚህ የሚሻገር ሰው ጀርባውን ወደ ማዶ ሰጥቶ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው የሚያልፈው። ሕጉን ያወጡት ከንቀት ይሁን ከፍርሃት አላውቅም። ለእኛ ግን አባቴና አንጓች ድልድዩን በሙሉ እኔን እያዩ አለፉት።

አንጓች በየእርምጃው ትደናቀፋለች፤ በተደናቀፈች ቁጥር ትስቃለች። አባቴ በአንድ እጁ ገመዱን፣ በሌላው እሷን ይዟል። ድልድዩ መሀል ሲደርስ ጮኸብኝ።

«ሽንኩርቱን ቶሎ ቶሎ አማስለው! እኔ የማሳርረው ስለማላማስለው ነው!»

«ዝም ብለህ እለፍ!» አለው ጠባቂው።

«እሺ ጌታዬ። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፣ ይርዳው!»

በድልድዩ ማዶ ጫፍ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ቀጥና ነበር፤ በአቋቋሟ ነው የለየኋት። ጀርባቸው ሲደርስላት አንድ እጇን በአባቴ ትከሻ፣ አንድ እጇን በአንጓች ራስ ላይ አደረገች። ያን ጊዜ እንዲዞሩ ተፈቀደላቸው፤ ዞሩ።

አያ ድፋባቸውም ታናናሾቹን ይዞ ከኋላቸው ተሻገረ። ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ተፈታ፤ ዝናቡም ማዶ መዝነብ ጀመረ።

በጋ ሲመለስ ቅል ሰሚው አዲስ ትእዛዝ ደረሰው። ከመነቅነቁ በፊት «በቤታችሁ የሐዘን ዓመት አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ ተደረገ። የስህተት ሹሙ እስከ ላይ ድረስ ሄዶ ተሟግቶ ያመጣው ነው። ከእኛ መንደር በዚያ ምክንያት የተመለሰ ሰው ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። እኔ በራሴ ጥሪ ለመሻገር ቅል አስገባሁ። በየጊዜው አንድ ጠጠር የጨመረ አዲስ ቅል እያስገባሁ አሳደስኩት። የጠራኝ አልነበረም፤ ልጅን መጥራት የሚቻለው ልጅ እያለ ነው።

በየጩኸት ቀኑ እናቴ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። «በላህ?» ትላለች። «በልቻለሁ!» እላለሁ። አንዳንድ ቀን እውነት ነበር።

እናቴ፣ አባቴና አንጓች ማዶ ናቸው። ከቤታችን በወዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ።